የመሐንዲሱ ፊርማ

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የሰውን ኃጢአት ሲከፍሉ ሐልዮ፣ ነቢብ፣ ገቢር ይላሉ፤ ይኸውም አንዱ በልብ የታሰበ፣ ሁለተኛው በአንደበት የተነገረ፣ ሦስተኛው በእጅ የተሠራ መሆኑ ነው። ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት በሚገናኝበት ኑሮ ውስጥ ይህ አከፋፈል ምንም የሚጐድለው የለም፤ የተመኘ በልቡ ተመኝቷል፣ የሰደበ በአፉ ሰድቧል፣ የገደለም በእጁ ገድሏልና እያንዳንዱ ለንስሐ አባቱ የሚናገረውን ያውቃል። መንግሥት ሥራውን በወረቀት ማካሄድ ከጀመረ ወዲህ ግን፣ ማንም ብቻውን ያላሰበው፣ ማንም ብቻውን ያልተናገረው፣ ማንም በገዛ እጁ ያልፈጸመው፣ ሆኖም የሰው ነፍስ የሚጠፋበት አንድ ዐይነት ሥራ ወደ ዓለም ገብቷል፤ ምልክቱም ፊርማ ነው። በአንድ ወረቀት ግርጌ ስማቸውን ካሰፈሩት ከብዙ ሰዎች መካከል አንዱ የሆነ፣ ወረቀቱንም ያላነበበ ሰው፣ በዚያ ወረቀት ምክንያት ስለ ሞተው ሰው በፈጣሪው ፊት ምን ይጠየቃል? ኃጢአቱስ ከሦስቱ ከየትኛው ይቈጠራል?

ይህ በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር የመምህራን ክርክር እንዳይመስለን፣ ጥያቄው በሕይወቱ የደረሰበትን የአንድ ሰው ታሪክ ላመጣ እወዳለሁ። ሰውየው ላዛር ካርኖ ይባላል፤ ፈረንሳዊ ነው፤ በመሐንዲስነት ጀምሮ የሕዝብ እንደራሴ፣ ከዚያም ከመንግሥቱ መሪዎች አንዱ ሆኗል። (ዓመታቱን ካልገለጽሁ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ።) ከጠበቃ፣ ከካህንና ከመኰንን ይልቅ መሐንዲሱን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጠበቃው ከክርክር፣ ካህኑ ከኑዛዜ፣ መኰንኑም ከወታደር ጋር ሲውል ኖሯልና ወደ ሕግ ወንበር ሲወጣ የሰውን ጠባይ መልካምም ሆነ ክፉ ቀምሶት ይወጣል፤ መሐንዲስ ግን ከድንጋይ፣ ከውሃና ከብረት ጋር ሲመክር ቈይቶ በድንገት በሰው ላይ እንዲወስን ይጠራል፤ ድንጋይ ደግሞ ያለ ቦታው ቢቀመጥ ግንቡ ይፈርሳል እንጂ ተበደልሁ ብሎ አይከስስም፣ ማረኝም አይልም።

ካርኖ በ1753 በቡርጎኝ አገር፣ ኖሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአንድ የሕግ ዐዋቂ ቤት ተወለደ። በሜዚዬር በነበረው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት፣ ታላቁ የጂኦሜትሪ ሊቅ ጋስፓር ሞንዥ በሚያስተምርበት ዘመን ተምሮ በ1773 የመቶ አለቅነት ማዕርግ አገኘ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በሰሜን ፈረንሳይ ከተሞች ምሽግ ሲጠብቅና ሲያድስ ኖረ። በዚያ ዘመን በነበረው ሥርዐት የመኳንንት ዘር ያልሆነ መሐንዲስ፣ ዕውቀቱ ምንም ቢሆን፣ ከሻምበልነት ማለፍ እጅግ ያዳግተው ነበር፤ ይህን ኋላ እንመለስበታለን።

በ1783 ስለ ማሽኖች ጠቅላላ ጠባይ የሚናገር አንድ ድርሰት አሳተመ። ድርሰቱን ያን ጊዜ ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሰውየውን አእምሮ እንደዚህ መጽሐፍ የሚያሳይ ሌላ ምስክር የለምና ጥቂት እንቈይበት። የውሃ ወፍጮን እናስብ። ከቦዩ በኀይል የሚወረወረው ውሃ የመዘውሩን ሰሌዳዎች ሲመታ ይጮኻል፣ ይረጫል፣ አረፋ ይደፍቃል፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ያ ሁሉ ጩኸት የኀይሉ ብዛት ይመስለዋል። ካርኖ በሒሳብ ያረጋገጠው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ጩኸቱና አረፋው ድንጋዩን ሳያዞር የባከነ ኀይል ነው። ሁለት የማይነጥሩ ጠንካራ አካላት በተጋጩ ጊዜ የሚጠፋውን ሕያው ኀይል (በዘመኑ የነበሩ ሊቃውንት እንዲህ ብለው ይጠሩት ነበር) መጠኑን ለይቶ፣ አካላቱ በግጭቱ ካጡት ፍጥነት እንደሚሰላ አሳየ፤ ከዚህም ተነሥቶ አንድ ማሽን ከፍ ያለውን ሥራ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ግጭት ሁሉ መወገድ እንዳለበት፣ እንቅስቃሴም ሁሉ ቀስ በቀስ፣ ዐይን በማይለየው ደረጃ መለወጥ እንዳለበት ደነገገ። ፍጹም የሆነ የውሃ መዘውር ውሃው ሳይመታው የሚገባበት፣ ከገባም በኋላ ፍጥነቱን ሁሉ ትቶለት የሚወጣበት ነው። በ1824 ልጁ ሳዲ ካርኖ ስለ እሳት ኀይል በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ይህንኑ የአባቱን ሐሳብ ወደ ሙቀት ወስዶ፣ ዛሬ የዓለም ተማሪ ሁሉ የሚማረውን የሙቀት ሕግ መሠረት ጥሎበታል።

እንዲህ ያለው፣ ግጭትን የብክነት እናት ብሎ የሚቈጥር አእምሮ፣ ከአብዮት ጋር እንዴት ተገናኘ? መንገዱ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው የንባብና የማኅበር መንገድ ነው፤ በ1784 የዲዦን አካዳሚ ስለ ታላቁ የምሽግ መሐንዲስ ስለ ቮባን ውዳሴ እንዲጻፍ ባወጣው ውድድር ካርኖ ሽልማቱን ወሰደ፤ ቮባንም ምሽግ ሊሠራ ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ሲዘዋወር ያየው የድኻ ገበሬ ኑሮ አላስችል ብሎት፣ በስተርጅናው ግብር በሁሉም ላይ እንደ ሀብቱ ይጣል ብሎ የጻፈና ስለዚህም በንጉሡ ዘንድ ጥላቻ ያተረፈ ሰው ነበር። በአራስ ከተማም ካርኖ ግጥም የሚያነብቡ ወጣቶች በሚሰበሰቡበት ማኅበር ውስጥ ማክሲሚልያን ሮቤስፒየር ከሚባል አንድ ጠበቃ ጋር ይተዋወቅ ነበር፤ ሁለቱ ከዓመታት በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ሰው ሞት እንደሚፈርሙ ማን ያውቅ ነበር? ሁለተኛው መንገድ የበደል መንገድ ነው። ከላይ የጠቀስሁት የዘር አጥር በሥራው ላይ ቆሞበት ሳለ፣ በ1789 ደግሞ በአንድ የጋብቻ ጉዳይ በተነሣ ጠብ ምክንያት፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ፣ በንጉሥ ስም በወጣ የማሰሪያ ደብዳቤ በቤቱን ከተማ ታሰረ። ያለ ፍርድ በአንድ ወረቀት መታሰር ምን እንደ ሆነ ይህ ሰው በገዛ ሥጋው ያውቀው ነበር፤ አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልኝ።

በ1791 ከፓ ደ ካሌ ክፍለ ሀገር ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ፤ ታናሽ ወንድሙም እንደ እሱ የጦር መሐንዲስ ሲሆን አብሮት ተመርጧል። በምክር ቤቱ ውስጥ ንግግር የሚያምርለት ሰው አልነበረም፤ የኮሚቴ ሰው ነበረ። ሆኖም በ1792 መጀመሪያ ያቀረበው አንድ ሐሳብ ሊረሳ አይገባም። በፈረንሳይ ከተሞች የነበሩት ዐምባዎች ሁለት ፊት ነበራቸው፤ አንዱ ግንብ ወደ ውጭ፣ ወደ ጠላት ያያል፣ ሌላው ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ ከተማው ሕዝብ ያያል፤ መድፉም እንደዚያው። ካርኖ ወደ ውጭ የሚያየው ይቁም፣ ወደ ሕዝቡ የሚያየው ይፍረስ አለ። ብዙ ሰው ተቈጣ፤ ምሽግ ሠሪ ምሽግ አፍራሽ ሆነ እየተባለ ተዘበተበት። እኔ ግን ከመሐንዲስ ወደ ሕግ ቤት ከመጣ ስጦታ ሁሉ ይህን የሚያህል አላየሁም፤ የሕግ ዐዋቂዎች ስለ ነጻነት በቃላት ሲከራከሩ፣ እሱ የመድፉ አፍ ወዴት እንደሚያይ አመለከታቸው። ግንብን በእጁ የሠራ ሰው ብቻ ጭቈና በድንጋይ እንዴት እንደሚጻፍ ለይቶ ያውቃል።

የንጉሡ ጉዳይ ከዚህ ቀጥሎ መጣ። በ1792 በተሰበሰበው ብሔራዊ ጉባኤ ካርኖ እንደገና እንደራሴ ነበረ፤ በጥር 1793 ሉዊ 16ኛ ሲፈረድበት፣ ድምፅ ከሰጡት 721 እንደራሴዎች መካከል 387ቱ ሞት አሉ፣ ካርኖም ከእነሱ አንዱ ነበረ፤ ከግዴታዎቹ ሁሉ ልቡን እንደዚህ የከበደው እንደሌለ ሲናገር ተሰምቷል። ስለዚህ ነገር የጻፉ አንዳንዶች፣ ግጭት ኀይል ያባክናል ብሎ ያስተማረው ሊቅ የዘመኑን ትልቁን ግጭት በገዛ ድምፁ አመጣ እያሉ ያፌዙበት ይሆናል። ፌዙ ይጥማል፤ ግን አይበቃም። ውሃ ሳይመታ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ቦዩን መክፈት ይገባዋል፤ ዘር የሌለው ሰው እንዳያልፍ፣ የተበደለ ዳኛ እንዳያገኝ፣ ድኻ ከፋይ ጌታ ነጻ እንዲሆን አድርገው ቦዩን ሁሉ የዘጉት እነማን ናቸው? ቀስ በቀስ የሚለወጠውን ሁሉ ከከለከሉ በኋላ ግጭት መጣ ብሎ ማልቀስ ፍርድ አይሆንም። በዚያ ድምፅ ላይ ያለኝ ፍርድ ሌላ ነው፤ ሲሰጠው ስሙ ተጠርቶ፣ ቆሞ፣ በሕዝብ ፊት፣ በገዛ አንደበቱ ነውና፣ ነቢብ ነው፤ ኃጢአትም ቢሆን ጽድቅም ቢሆን የራሱ መሆኑን አልካደም። በ1816 ንጉሥ ገዳይ ተብሎ በስደት ሲቀጣም የከፈለው የዚያን ቀን ዕዳ ነው።

ከባዱ ነገር ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በነሐሴ 1793 ካርኖ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ አባል ሆነ፤ አብሮትም እንደ እሱ መሐንዲስ የሆነ ፕሪዬር የሚባል የቡርጎኝ ሰው ገባ። ፈረንሳይ ያን ጊዜ በስተሰሜን በኦስትሪያ፣ በስተምሥራቅ በፕሩስያ፣ በባሕር በእንግሊዝ፣ በደቡብ በእስፓኝ ተወጥራ፣ በውስጧም በርስ በርስ ጦርነት ትነድድ ነበር። በዚያው ወር ብሔራዊው ጉባኤ ሕዝቡን በሙሉ ለጦርነት የሚያስከትት ዐዋጅ ዐወጀ፤ ያን የዐዋጅ ቃል 14 ጦር አድርጎ ያቆመው ግን የካርኖ ቢሮ ነው። ከየቤቱ ምድር ቤት አፈር እየተፋቀ ለባሩድ የሚሆን ጨው ወጣ፤ ከየደብሩ ደወል ወርዶ መድፍ ሆነ፤ በኮረብታ ላይ በቆሙ እንጨቶች ምልክት መልእክት የሚያሻግረው የሻፕ ቴሌግራፍ ከፓሪስ ወደ ሰሜን ተዘረጋ፤ በ1794 በፍለሩስ ጦርነት የጠላትን ሰልፍ ለማየት ባሉን ወደ ሰማይ ወጣ። በጥቅምት 1793 በዋቲኚ ካርኖ ራሱ የእንደራሴነት መታጠቂያውን ታጥቆ ከእግረኛው ጋር ወደ እሳቱ ገባ። አገሪቱ ዳነች። ይህን ሥራ የማያደንቅ ሰው ሥራ ምን እንደ ሆነ አያውቅም ማለት ነው።

የኮሚቴው ሥራ ግን ይህ ብቻ አልነበረም፤ በቱልሪ ቤተ መንግሥት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። ካርኖ ካርታውን ዘርግቶ የጦር ሰልፍ ሲያዝ፣ በአጠገቡ የተቀመጡት የሚታሰሩትን ሰዎች ስም ይጽፉ ነበር፤ ትእዛዝ ሁሉ በብዙ ፊርማ እንዲወጣ ደንብ ስለ ነበረ፣ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ይመጣል። ካርኖ የባሩዱን ትእዛዝ ለነሮቤስፒየር ይሰጣል፣ ሳያነብቡ ይፈርሙለታል፤ እነሮቤስፒየር የእስራቱን ትእዛዝ ይሰጡታል፣ ሳያነብብ ይፈርምላቸዋል። መጋቢት 30 ቀን 1794 ሌሊት ከአብዮቱ መሪዎች አንዱ የነበረው የዳንቶንና የጓደኞቹ ማሰሪያ ወረቀት በወጣ ጊዜ የካርኖ ስም ከፈራሚዎቹ መካከል ነበረ። ዳንቶን ከስድስት ቀን በኋላ አንገቱ ተቈረጠ።

ሮቤስፒየር በሐምሌ 1794 ከወደቀ በኋላ በ1795 የጸደይ ወራት የኮሚቴው አባላት ሲከሰሱ ካርኖ ዝም ቢል ይተርፍ ነበር፤ ሆኖም ስለ ባልደረቦቹ ለመከራከር ተነሣ፤ ይህ ለክብሩ ይጻፍለት። የሰጠው መልስ ግን የዚህ ሁሉ ጽሑፌ ምክንያት ነው። በቀን የሚመጣው ወረቀት ብዛት በመቶ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ ሁሉ ሁሉን ያንብብ ቢባል አንድም ጦር አይነቃነቅም ነበር፤ ስለዚህ ፊርማችን ወረቀቱ በደንቡ መሠረት መታየቱን የሚያሳይ ሥርዐት ብቻ ነበረ፣ ኀላፊነቱ ጉዳዩን ያዘጋጀው ሰው ነው አለ። ለማስረዳትም፣ ከዕለታት አንድ ቀን የገዛ ጸሐፊዎቹን ማሰሪያ ትእዛዝ ሳያውቅ ፈርሞ እንደ ነበረ ተናገረ። ሊከሰስም በቀረበ ጊዜ ከጉባኤው ውስጥ አንድ ድምፅ ይህ ሰው እኮ ድሉን ያደራጀ ነው ብሎ ቢጮኽ፣ ክሱ እዚያው ቀረ።

እንግዲህ መልሱን እንደ ዳኛ እንመዝን። አስቀድመን ለእሱ የሚባለውን ሁሉ እንበል፤ መልሱ የሰነፍ መልስ አይደለም፣ የመሐንዲስ መልስ ነው። ምህንድስና የሚቆመው ሥራን በመክፈል ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው የብረቱን ጥራት ከብረት ዐዋቂው፣ የወንዙን ጥልቀት ከለካው ሰው ተቀብሎ ያምናል፤ ሁሉን ራሴ ካልፈተንሁ ቢል ድልድዩ አይሠራም። እንዲህ ያለው እምነት ስንፍና ሳይሆን ትሕትና ነው፤ የሌላውን ዕውቀት ማክበር ነው። መንግሥትም ያለዚህ አያድርም፤ ስለ ባሩድ ምንም የማያውቀው ሮቤስፒየር የካርኖን የባሩድ ወረቀት ሳያነብብ መፈረሙ ምን ነውር አለበት?

ነውሩ ያለው ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ዐይነት መስለው በመታየታቸው ላይ ነው። የባሩዱ ወረቀት ዕውቀት ይጠይቃል፤ ዕውቀትን ከሌላ ሰው መቀበል ይቻላል። የማሰሪያው ወረቀት ግን ፍርድ ይጠይቃል፤ ፍርድ ደግሞ ከሕሊና የሚወጣ ስለ ሆነ ከሌላ ሰው ተበድሮ አይቀርብም። ሥራ ለዐሥር ሰዎች ቢከፈል ለእያንዳንዱ ዐሥረኛ እጅ ይደርሰዋል፤ በደል ግን ለዐሥር ሰዎች ቢከፈል ለእያንዳንዱ ሙሉው ይደርሰዋል። የንስሐ አባት፣ ብዙ ሆነን ነውና የገደልነው ቀኖናውን ክፈልልን የሚል ቡድን ቢመጣበት ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። ሳውል በእስጢፋኖስ ላይ አንድ ድንጋይ አልወረወረም፤ የወጋሪዎቹን ልብስ ጠበቀ እንጂ። ዳሩ ግን ጳውሎስ ከሆነ በኋላ ያንን ቀን ከራሱ ላይ አላወረደም፣ የልብስ ጠባቂነት ሥራዬ ከድንጋዩ ሥራ የተለየ ነበረ ብሎም አልተሟገተም። ጲላጦስ ደግሞ እጁን ታጠበ፤ ቤተ ክርስቲያናችን በሰኔ ወር የምታስበው ውኃው ስላነጻው አይደለም፣ አምኗልና ነው። ካርኖ የወሰደው ጲላጦስ ያደረገውን ነው፤ ልዩነቱ በውኃው ፈንታ ደንብ መሆኑ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላነሣሁት ጥያቄ የምሰጠው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፤ ሳያነብብ የፈረመ ሰው ኃጢአቱ ከሦስቱም ይቈጠራል። እጁ ጽፏልና ገቢር ነው፤ ፊርማ በመንግሥት ዘንድ እንደ ቃል ይሰማልና ነቢብ ነው፤ እንዳያስብ አስቦ ዐይኑን መልሷልና ሐልዮም ነው። ያላነበብሁት ነውና አላሰብሁትም የሚለው ክርክር ሦስተኛውን የሚያስቀርለት ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው እላለሁ። በ1789 በቤቱን እስር ቤት የተቀመጠው ያ ሻምበል፣ የእሱን የማሰሪያ ደብዳቤ የጻፈውም ጸሐፊ እኮ ስሙን እንኳ ሳያስተውል፣ እንደ ልማዱ ጽፎት ሊሆን ይችላል።

ካርኖን በዚህ ብቻ ትቶ መሄድ ግን ግፍ ይሆናል፤ ኋላ የሠራው ሌላ ምስክር ይሰጣልና። በ1797 በመንግሥት ግልበጣ ከሥልጣኑ ሲባረር ወደ ስዊስ ሸሸ፤ በሳይንስ አካዳሚ የነበረውንም ወንበር ነጥቀው ለጄኔራል ናፖሊዮን ቦናፓርት ሰጡት። ያ ጄኔራል ሥልጣን ሲይዝ ካርኖን መልሶ በ1800 የጦር ሚኒስትር አደረገው። ውለታው ግን አፉን አልዘጋውም፤ በ1802 ቦናፓርት የዕድሜ ልክ ገዢ ይሁን ሲባል ድምፁን ነፈገ፤ በ1804 ንጉሠ ነገሥት ይሁን ተብሎ ጉዳዩ በምክር ቤቱ በቀረበ ጊዜም፣ ሌላው ሁሉ እየተነሣ ሲያወድስ፣ ካርኖ ብቻውን ተነሥቶ ተቃወመ። በቱልሪው ጠረጴዛ ዙሪያ ከብዙዎች ጋር የፈረመው እጅ፣ በዚህ ቀን ከማንም ጋር ሊካፈል የማይችለውን አደረገ። ደግሞም ናፖሊዮን ሲያሸንፍ ርቆት የነበረው ይህ ሰው በ1814 ፈረንሳይ ስትወረር ዕድሜው 60 ሆኖ ሳለ አገልግሎቱን ሰጠ፤ የአንትወርፕን ምሽግ እንዲከላከል ተላከ።

በአንትወርፕ የሆነው ነገር ትንሽ ነው፤ እኔ ግን ከዋቲኚ ድል አስበልጠዋለሁ። የምሽግ ጥበብ ሕግ እንደሚያዝዘው፣ ከበባ በመጣ ጊዜ ከግንቡ ውጭ ያሉት ቤቶች ሁሉ መፍረስ ወይም መቃጠል አለባቸው፤ ጠላት መሸሸጊያ እንዳያገኝባቸው፣ የመድፉም ዐይን እንዳይከለል። ይህን ሕግ ካርኖ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ስለ ምሽግ አጠባበቅ በ1810 ታላቅ መጽሐፍ የጻፈው እሱ ነውና። ከግንቡ ውጭ ቦርገርሃውት የሚባል መንደር ነበረ። ካርኖ መንደሩን አላቃጠለም። ከተማይቱንም አላስያዘም፤ ናፖሊዮን ወርዶ ሰላም እስኪሆን ድረስ ጠበቃት። ዛሬ በአንትወርፕ ወደዚያ ወገን የሚወስደው መንገድ በካርኖ ስም ይጠራል። ቤቶቹን ዐይቶ ነው የወሰነው፤ ወረቀት ብቻ ቢመጣለት ኖሮ ምን ያደርግ እንደ ነበረ ለመገመት አልደፍርም።

ነሐሴ 2 ቀን 1823 በማግደቡርግ በስደት ሞተ። ዐፅሙ በ1889 ወደ ፓሪስ ተመልሶ በፓንቴዎን ሲያርፍ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበረው የገዛ የልጅ ልጁ፣ እንደ አጎቱ ሳዲ ካርኖ የሚባል፣ እሱም የድልድይና የመንገድ መሐንዲስ የነበረና በ1871 እንደራሴ ሆኖ ወደ ፖለቲካ የገባ ሰው ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ 1883 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ወሰን ለአውሮፓ መንግሥታት ባሳወቁበት ዘመን በፓሪስ ወንበር ላይ የነበረው ይህ ሰው ነው። ወደ እሱም ያ የቆየ የወረቀት ጥያቄ መጣ፤ በታኅሣሥ 1893 ቫያን የሚባል ሰው በእንደራሴዎች ምክር ቤት ውስጥ ቦምብ ወረወረ፤ ብዙ ሰው ቈሰለ እንጂ የሞተ አልነበረም፤ ሞት ተፈርዶበት ምሕረት ሲለመንለት ፕሬዚዳንቱ ሳይምረው ቀረ፤ በየካቲት 1894 ተገደለ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ካዜሪዮ የሚባል ወጣት ፕሬዚዳንቱን በሊዮን ከተማ በጩቤ ወግቶ ገደለው። አያትየው በመፈረሙ፣ የልጅ ልጁ ባለመፈረሙ የሰው ነፍስ ጠፋ፤ የልጅ ልጁ ግን የሚወስነውን ያውቅ ነበርና የቫያንን ስም አላነበብሁም ሊል አይችልም።

አንድ ክርክር ይቀራል፤ ከሁሉም የሚበረታው እሱ ነው። በ1794 በዚያ ክፍል ውስጥ ሆኖ አልፈርምም ማለት ይቻል ነበርን? ጊዜው የፍርሃት ጊዜ ነበረ፤ ሥራው ከአቅም በላይ ነበረ፤ አገር በጠላት ተከብባ ነበር፤ ያልፈረመ ሰው ነገ ራሱ በወረቀቱ ላይ ይጻፋል ይባላል። ለዚህ ክርክር የምመልሰው በፍልስፍና አይደለም፤ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ጠረጴዛ፣ በዚያው ሌሊት በነበረ ሌላ ሰው ነው። ሮቤር ሌንዴ ይባላል፤ የኮሚቴው አባል ነው፤ የተሰጠው ሥራ የእህልና የስንቅ ጉዳይ ነበረ፤ ፈረንሳይን በሙሉ ከነሠራዊቷ መመገብ ማለት ስለ ሆነ ከካርኖ ሥራ የሚያንስ አልነበረም። ጻድቅ ነበረ አልልም፤ በንጉሡ ላይ የቀረበውን የወንጀል ዝርዝር ያዘጋጀውና ለሞቱም ድምፅ የሰጠው እሱ ነው። የዳንቶን ማሰሪያ ወረቀት ዞሮ ሲደርሰው ግን አነበበው፤ አንብቦም አልፈርምም አለ፤ እኔ እዚህ የተቀመጥሁት ዜጎችን ልመግብ ነው እንጂ አርበኞችን ልገድል አይደለም ማለቱ ይተረካል። ወረቀቱ ያለ እሱ ስም ወጣ። ሌንዴን ስለዚህ ማንም አላሰረውም፤ በማግሥቱም ወደ እህሉ ሥራ ተመለሰ፤ ካርኖ በስደት ከሞተ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1825 በፓሪስ ዐረፈ።